ሥሩ የታጠበ ችግኝ

ዛሬም ጤና አዳም በሸተተኝ ቁጥር ጎሮ የነበረው የልጅነት ግቢያችን ፊቴ ድቅን ይላል። ሰፈሩ ገና አዲስ ነበር፤ ቤት የሚሠራው ሁሉ ጥቁሩን አፈር አስጠርጎ ጠጠራማ ገረጋንቲ ይደለድልበታል። እናቴ ብቻ አፈሯን አላስነካችም። ጤና አዳሙ፣ ጌሾው፣ ኮሰረቱና በሶብላው ተደጋግፈው ይበቅሉ ነበር፤ ድብብቆሽ ስንጫወት የምንገባው እዚያ መሀል ነው። ጎረቤቱ እጅሽ ለምለም ነው ሲላት ደስታዋን መደበቅ አትችልም ነበር።

አጥር የምንጋራቸው እትዬ ዙሪያሽ ልጅ አልወለዱም። ገረጋንቲ በለበሰው ግቢያቸው ደግሞ ከአስተናግር አረም በቀር የሚበቅል አልነበረም። ሰፈርተኛው ሁለቱን አገናኝቶ፣ የነኩት ሁሉ ይደርቃል ብሎ አወራባቸው። ባልየው የላምበረት አውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ወሬውን እሱም ሰማ፤ አመነም።

ክረምት በገባ ቁጥር እትዬ ዙሪያሽ ችግኝ ሊለምኑ ይመጣሉ። እናቴ እምቢ ብላ አታውቅም። ትነቅልና ሥሩን ባልዲ ውስጥ ነክራ፣ ነጭ እስኪሆን አጥባ ትሰጣቸዋለች። ላምበረት ላለችው አክስቴ ስትልክ ግን ከነአፈሩ በፌስታል ጠቅልላ ነበር። እትዬ ዙሪያሽ መታጠቡን እንደ ክብር ቆጥረው እናቴን ይመርቋታል። ከዚያ ቀስ እያለ የሚሞት ተክል ጎንበስ ብለው ውሃ ሲያጠጡ በአጥሩ ቀዳዳ አያቸው ነበር።

አንድ ጠዋት ባልየው የደረቀውን ጌሾ ነቅሎ እግራቸው ሥር ወረወረው።

«አንቺ እጅ ላይ ምን ይጸድቃል?» አላቸው።

በዚያው ሰሞን አባረራቸው። እናቴ በር ድረስ ሸኝታቸው አለቀሰች።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ አፈር ስማር ነው ነገሩ የገባኝ። ለም አፈር ውስጥ ዓይን የማያያቸው ሕያዋን አሉ፤ ሥሩን የሚመግቡት፣ ምን ከምን ጎን እንደሚበቅል የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ገረጋንቲ ላይ እምብዛም የሉም። እናቴ በባልዲው ውሃ አጥባ የምታስቀረው እነሱን ነበር። ምናልባት ሳታውቅ ነው ብዬ ጠየቅኳት። አልደነገጠችም።

«ያለ አፈሩ እንደማይጸድቅማ አውቃለሁ» አለችኝ። «እሷም ካበቀለች እኔን ማን ይፈልገኝ ነበር?»

አሁን የጎሮ ግቢ ሁሉ ሲሚንቶ ለብሷል፤ ችግኝ የሚለምን የለም። እናቴ ግን ክረምት ሲገባ ወንበሯን አውጥታ በር ላይ ትቀመጣለች። እወዳታለሁ። ሆኖም በአጠገቧ ሳልፍ፣ ማን ይመጣል ብለሽ ነው እላታለሁ፤ እንደሚያማት እያወቅኩ።