ፊልሙ ሳይጀመር

እስካሁን ድረስ ፊልም ቤት ደጃፍ ቆሜ ከአዳራሹ በር ሥር የሚሾልከውን የማስታወቂያ ጩኸት ስሰማ፣ ያ ደረት የሚያንቀጠቅጥ ከበሮ፣ ያ መኪና እየሸጠ ነፍስ የሚያድን የሚመስለው የወንድ ድምፅ፣ ቅቤ የበዛበት የፈንዲሻ ሽታ ታክሎበት ሲመጣብኝ፣ እግሬ አልነሳ ይለኛል። ጓደኞቼ «ነይ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል?» ይሉኛል፣ እኔም «ግቡ፣ ሽንት ቤት ደርሼ እመጣለሁ» እላቸዋለሁ። የምን ሽንት ቤት! ማስታወቂያው እስኪያልቅ እዚያው ምንጣፉ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው አትላንታ አጠገብ፣ ሊልበርን ነበር። እናቴ ፀጋነሽ ኖርክሮስ አጠገብ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያን እያገላበጠችና እያጠበች፣ አባቴ ደሳለኝ ደግሞ ዳውንታውን ፓርኪንግ እየሠራ፣ የሁለቱ ኦፍ፣ የዕረፍት ቀናቸው፣ በወር አንዴ እንኳ ሳይገጥም ይከርም ስለነበር፣ ሲገጥም ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ ለናሆም ዓመት በዓል ነበር። በሰመር የአትላንታ ሙቀት እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ላያችን ላይ ሲጣበቅ፣ የቤታችን ኤሲ ከማጓራት በቀር ምንም ሳይፈይድ ሲቀር፣ አባቴ «ተነሱ፣ ሙቪ እንሂድና ብርድ እንግዛ» ይል ነበር። እናቴ የቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪ ስለነበረች ፊልም ቤት መታየቱን አትወደውም፤ እዚያው ሰፈራችን ያለውን ትተን፣ የምናውቀው ሰው እንዳያየን ሎረንስቪል ድረስ እየነዳን እንሄድ ነበር። «ለልጆቹ ብዬ ነው» ትላለች በመንገዱ ሁሉ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ፊልሙን ግን ትወደው ነበር። የማትወደው ከፊልሙ በፊት የሚመጣውን ነው። መብራቱ ገና ደብዘዝ ሲል፣ እኛ ልባችን ተንጠልጥሎ ስንጠብቅ፣ መጀመሪያ ፒክአፕ መኪና፣ ቀጥሎ ኢንሹራንስ፣ ቀጥሎ የጥርስ ሳሙና፣ ከዚያ ያው ፒክአፕ ተመልሶ ሲመጣ፣ እናቴ ወንበሯ ላይ መቁነጥነጥ ትጀምር ነበር። «ምን ጉድ ነው! የገባሁት ፊልም ቤት ነው መኪና መሸጫ?» ትላለች በሙሉ ድምፅዋ። ቢራ ሲመጣማ አይጣል ነው፤ በአንድ እጇ የኔን፣ በሌላው የናሆምን ዓይን ጥፍንግ አድርጋ ይዛ «በኢየሱስ ስም! ልጆቼን ዓይኔ እያየ ቢራ ይጋብዙልኛል?» ስትል፣ አባቴ ወደ ወንበሩ እየሰመጠ «ፀጊ፣ ኧረ ሰው ይሰማል» ይላት ነበር። «ይስማ! ሁሉም ያረረ ነው፣ ፈርቶ ነው ዝም ያለው!» አንድ ጊዜ ከፊታችን የተቀመጡ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ዞር ብለው፣ ካለችው አንድ ቃል ሳይገባቸው፣ «አሜን፣ ሲስተር!» አሏት። ሳምንቱን ሙሉ በዚህ ስትኩራራ ነበር።

መጸው ደርሶ ቅጠሉ ሲረግፍ እናቴና አባቴ ዘዴ አገኙለት። የአባቴ ዘዴ ማርፈድ ነበር፤ ፊልሙ ይጀምራል ከተባለበት ሰዓት አርፍደን፣ ማስታወቂያው ተሟጦ ሲያልቅ ከች እንል ነበር። «የሐበሻ ቀጠሮ እዚህ አገር የጠቀመን ለዚህ ብቻ ነው» ይል ነበር እየሳቀ። የእናቴ ዘዴ ግን ሌላ ነው። ድንገት ሳናረፍድ ቀርተን ማስታወቂያው ላይ ከተጣድን፣ ፊልሙ እስኪጀመር ድረስ ስልኳን አታጠፋም፤ የመዘምራኑን መልእክት ትመልሳለች፣ የሥራ ሺፍት ከሚቀያየሯት ጋር ትጨቃጨቃለች፣ የተደወለላትን ሁሉ ታነሳለች። ሰው ቢገላምጣት «ይሄ እኮ ፊልም አይደለም፣ ማስታወቂያ ነው። እነሱ ሰዓቴን ከወሰዱ እኔም በሰዓታቸው ጉዳዬን እጨርሳለሁ» ትል ነበር። ፊልሙ ጀመረ ማለት ግን ስልኩ ድርግም ይላል፤ በዚህ ታማኝ ነበረች።

ክረምቱ ሲገባ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋ መነሳት እንደ ሞት በሚከብድበት ሰዓት፣ የእናቴ ድምፅ ነበር የሚቀሰቅሰን። ናዝሬት ከምትኖረው ታላቅ እህቷ ጋር ስትጨዋወት ነው። እቴቴ እንላት ነበር ሁላችንም። አያቴ እናቴ ገና ልጅ ሳለች ስለሞተች፣ እቴቴ ትምህርቷን አቋርጣ፣ የመጣላትን ባል ሁሉ «ቆይ ልጅቷ ትደግ» እያለች መልሳ ነው ያሳደገቻት። ሳይደወል ያለፈ ቅዳሜ አላስታውስም። እኛንም እንቅልፋችን ሳይለቀን ስልኩ ፊታችን ላይ ይደቀንና «ሊያዬ፣ በልተሻል? ከስተሽብኛል» ትለኝ ነበር፤ በዚያች ሙዝ በምታክል ስክሪን መክሳቴ እንዴት እንደሚታያት እንጃ። ለሰመሩ አራታችንም ሄደን ልናያት ቲኬት ተቆርጦ ነበር። እናቴ ሻንጣውን ከወራት በፊት አውጥታ ሳሎን መሀል ዘርግታው፣ ሥራ ውላ በመጣች ቁጥር አንድ ነገር ለእቴቴ ትጨምርበት ነበር፣ የእግር ክሬም፣ የሹራብ ካልሲ፣ ደግሞ ሌላ የእግር ክሬም።

ከዚያ ጸደይ መጣ፣ ያ ቢጫ የጥድ ብናኝ መኪናውንም በረንዳውንም የሚያለብስበት ጊዜ። አንድ ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ የአባቴን መኪና ያለ ሰዓቱ ደጃችን ፓርክ ተደርጎ አየሁና፣ ኮፈኑ ላይ በጣቴ ስሜን ልጽፍ ጠጋ ስል፣ አባቴ ውስጥ ተቀምጦ መስኮቱን ዘግቶ ሲያለቅስ አገኘሁት። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። በሩን ከፍቶ አጠገቡ አስቀመጠኝና «እቴቴ ወደ ጌታ ሄዳለች» አለኝ፤ በድንገት ነው፣ ተቀብራለችም። ከዚያ ትከሻዬን ይዞ «ለማሚ እንዳትነግሪያት። እሁድ ማለዳ ጋሽ ተስፋዬና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጥተው ነው የሚነግሯት። መርዶ እንዲህ በመንገድ፣ በስልክ አይነገርም። ሰው ከቧት፣ የሚደግፋት ኖሮ ነው። ደም ግፊቷን ታውቂያለሽ» አለኝ።

«ግን ባቢ፣ ነገ ቅዳሜ ነው እኮ። ትደውልላታለች» አልኩት።

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነው። ናዝሬት ደውሎ የእቴቴን ስልክ እንዲያጠፉት አደረገ፣ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ እናቴ ስትደውል ስትደውል አልሠራ ሲላት «ኔትወርክ የለም አሉ፣ ትናንት ሥራ ቦታ ሁሉም ሲያማርሩ ነበር» አላት። «አይ እነሱ! ደግሞ አጠፉት?» ብላ አመነችው። ማመኗ ነበር አንጀቴን የበላው። ከሰዓት በኋላ ግን እንደገና ስልኳን ስትነካካ፣ ሌሎች ዘመዶች ጋር ልሞክር ስትል፣ አባቴ ብድግ አለና «በሉ ተነሱ፣ ሙቪ እንሄዳለን!» አለ።

«ደሱ፣ ምን ነክቶሃል ዛሬ?» አለችው ነጠላ ጫማዋን እንዳጠለቀች። የነካውን እኔ አውቅ ነበር። በዓለም ላይ የማንም ስልክ የማይነሳበት ጨለማ ቦታ ፊልም ቤት ነው ብሎ አስቦ ነው፤ እዚያ አስገብቶ ሊሸሽጋት፣ ሲመሽ አስተኝቷት፣ ማለዳ ለሽማግሌዎቹ ሊያስረክባት። ሲጣደፍ ግን ማርፈዱን ረሳው። እንደዚያ ቀን ቀድመን ደርሰን አናውቅም፤ አዳራሹ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል፣ ከኋላችን ጥቂት ሰዎች፣ እናቴ በእኔና በአባቴ መሀል፣ ናሆም ከእኔ ቀጥሎ። መብራቱ ደብዘዝ አለና ፒክአፑ መጣ።

«ይኸው! ጀመሩን!» አለችና ስልኳን አወጣች።

«ፀጊ፣ እስቲ ዛሬ እንኳ አጥፊው በናትሽ» አላት፣ ድምፁ ተሰብሮ።

«ፊልሙ ሲጀመር ነዋ!»

ከዚያ አንድ የማላውቀው ማስታወቂያ መጣ። ግዙፍ ውሻ መሪ ጨብጦ፣ ቀበቶውን አስሮ፣ ፊቱን አኮሳትሮ ተቀምጧል፤ ባለቤቱ ከኋላ ሆኖ መኪናውን እየገፋለት ያልበዋል። እናቴ በማስታወቂያ ስትስቅ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። ሳቀች ሳይሆን ፈነዳች፣ አባቴን በክርኗ እየጎሸመች «እየው፣ እየው! አንተን እኮ ነው ቁርጥ!» እያለች እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አባቴ ለመሳቅ ሞከረ። ወደኔም ዞራ ስታየኝ እኔም ጥርሴን አሳየኋት።

ሳቋ ሳይበርድ ስልኩ ጠራ። አባቴ እጁን ዘርግቶ «ተዪው» አለ።

«ቶሮንቶ ያለችው አዜብ ናት፣ ማስታወቂያ ነው እኮ!» ብላ አንድ ጆሮዋን ደፍና በሌላው አነሳችው። «አዜቤ! ሙቪ ላይ ነኝ፣ ጮክ በይ! ... እ? ... ያጽናሽ? ለምኑ ነው የሚያጽናኝ?»

የእናቴ አብሮ አደግ ናት አዜብ፤ እናቴ የተረዳች መስሏት ነው፣ ልታጽናናት ነው የደወለችው፤ ምን አጠፋች? እናቴ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ ወደ አባቴ ዞረች። የስክሪኑ ብርሃን ፊቱ ላይ ነበር፣ የሚሸሽግበት አንድም ጥላ አልነበረውም። ቆመች፣ ፈንዲሻው ከጭኗ ተደፋ፣ ከዚያ «እቴቴ! እቴቴዬ!» የሚለው ጩኸቷ ከዚያ ሁሉ ከበሮ በላይ አዳራሹን ሞላው።

ደረቷን እየደቃች ስትወድቅ አባቴ ያዛት፣ ግን አልቻላትም። ናሆም «ማሚ ምን ሆነች? ማሚ ምን ሆነች?» እያለ ቀሚሷን ይጎትታል። አንዲት የማናውቃት ጥቁር አሜሪካዊት ከኋላ ተነስታ መጥታ፣ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ እናቴን ከወገቧ አቅፋ አብራት መሬት ላይ ተቀመጠች፣ የእኛው እድር ሴት ብትሆን ከዚያ በላይ አታደርግም። የፊልም ቤቱ ሠራተኛ የእጅ ባትሪውን እያበራ ሮጦ ሲደርስ ስክሪኑ ላይ አንድ ቤተሰብ አዲስ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ይፍነከነካል። ማንም ማስታወቂያውን አላቆመልንም። ደግፈን ስናስወጣት ፊልሙ ገና አልጀመረም ነበር።

ሽማግሌዎቹ ለእሁድ የተዘጋጁትን መርዶ ትተው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ለለቅሶ መጡ፣ ወንበር ከቤተ ክርስቲያን ተጫነ፣ ፍራሽ ሳሎን ተነጠፈ፣ ሻንጣው ወደ ጓዳ ተገፋ። ሰው ሁሉ አጽናንቶ ሲሄድና እኛ ብቻ ስንቀር እናቴ አባቴን አየችው። አልጮኸችበትም። «እህቴ ሞታ ስስቅ አየኸኝ» ብቻ አለችው።

«አንድ ቀን ልጨምርልሽ ብዬ ነው ፀጊ» አላት።

እናቴ ወደኔ ዞራ «አንቺም ታውቂ ነበር?» አለችኝ። በአዎንታ አንገቴን ነቀነቅሁ። ሳብ አድርጋ አቀፈችኝና «አይዞሽ፣ ባንቺ አልፈርድም» አለች፣ እኔም እቴቴን ያን ጊዜ ገና አለቀስኳት። በሰመር ብቻዋን ሄዳ መቃብሯ ላይ ተቀምጣ መጣች፤ የእኛ ቲኬት ተመለሰ።

አሁን መርዶ የሚነግር ሽማግሌ አያስፈልግም፤ ጋሽ ተስፋዬ ጫማቸውን ሳያስሩ ወሬው በቤተሰብ ግሩፑ ላይ ከነፎቶው ይደርሳል። ሰው አሁንም ፊልም ቤት ገብቶ «ኧረ ጀምሩልን!» እያለ ያጉረመርማል፣ ማስታወቂያው እንደውም ብሶበታል። አባቴና እናቴ ግን አንድ ቤት አብረው እያረጁ፣ እየተዋደዱ፣ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አይነጋገሩም። ድሮ እናቴ የሚያስቅ ነገር ከመጣ ዓይኗን ጨፍና፣ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ ነበር የምትስቀው። አሁን የሚያስቅ ነገር ሲመጣ ሳቋን አፏ ላይ ይዛ መጀመሪያ የአባቴን፣ ቀጥላ የኔን፣ ቀጥላ የናሆምን ፊት ታያለች፤ እኛም የያዝነውን ትተን ቀና ብለን እናሳያታለን፣ አይታ ስትጨርስ ነው የምትስቀው።