የጉሃድ ወገብ ልክ

ጅግጅጋ መናኸሪያ አጠገብ ልብስ ስሰፋ ሃያ ዓመት ሆኖኛል፤ አፌን መሰብሰብ ግን እስከዛሬ አልቻልኩም። ጉሃድን ለአደጋ የሰጠሁት በዚሁ አፌ ነው።

ጉሃድ የቶጎጫሌ ሚኒባሶች ተራ አስከባሪ ነው። በ2013 ዓ.ም. ታሞ ነበር። ማንም ያልሰማውን ድምፅ ይሰማል፣ "ይከተሉኛል" እያለ ይሮጣል። ሆስፒታል ሄዶ ኪኒን ሲጀምር ድምፁ ዝም አለለት፤ ወደ ሥራውም ተመለሰ። ከዚያ በኋላ መብላት ነው። ወገቡ ሰባ ስምንት ሴንቲ የነበረ ሰው መቶ አራት ገባ። ሱሪውን ሦስት ጊዜ አሰፋሁለት። ሰፈርተኛው "ማሻአላህ፣ ተመቸህ" ይለዋል። አንድ ጆግ ውሃ ጨርሶ ወዲያው ሽንት ቤት ሲሮጥም "ሙቀቱ ነው" አልን።

ሂባቅን ሊያገባ ሲል ሙሉ ልብስ አዘዘኝ። በታኅሣሥ ለክቼው በጥር ቢለብሰው ኮቱ አልቆለፍ አለ። ትርፍ ጨርቅ አልነበረኝም፤ ተናደድኩ።

"አዴር፣ ምን ይሻላል?" አለኝ። አዴር ሲል አጎቴ ማለቱ ነው።

"ያን ኪኒን ለአንድ ወር ተወውና ሆድህ ይግባ" አልኩት እየሳቅሁ። ቀልዴን ነበር። እውነቱን ካወራን ግን ሙሉ በሙሉ ቀልድ አልነበረም፤ ልፋቴ አንገብግቦኝ ነው።

ይህን ባልኩት በሦስተኛው ሳምንት ከሱቄ በር ላይ ሆኜ ሳየው አንድ ቦታ መቆም አቅቶታል። መናኸሪያውን ይዞራል፣ ይመለሳል፣ ኋላውን ያያል። አጠገቡ ሰው ሳይኖር "ዝም በሉ" ይላል። መቀሱን ጥዬ ወጣሁና ክንዱን ያዝኩት።

"ኪኒንህን እየወሰድክ ነው?"

"ኮቱ እንዲቆለፍልኝ ብዬ ተውኩት" አለኝ።

ለሂባቅ ደወልኩላት፤ በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድነው። ሕመሙን ታውቃለች፣ ማቆሙን ግን አልነገራትም ነበር። ሐኪሟ ጣቱን ወግታ ደሙን ለካች፣ ሚዛን ላይም አወጣችው። ስኳሩ ከፍ ብሏል። ይህ ኪኒን አንዳንድ ሰው ላይ ረሃብ፣ ውፍረትና ስኳር እንደሚያመጣ፣ ክብደቱና ደሙ በየጊዜው መታየት እንደነበረበት ነገረችን።

"በሌላ መድኃኒት እንቀይርልሃለን። በራስህ ማቆም ግን አይሆንም" አለችው። "ለመሆኑ ማነው ተው ያለህ?"

ጉሃድ ሂባቅን አየ፣ እኔን አየ። እግሩ መንቀጥቀጡን አላቆመም።

"ማንም። ራሴ ነኝ" አለ።

እንዲያ ተረብሾ እንኳ የኔን ገበና ሸፈነ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ዶክተር፣ እኔ ነኝ" አልኩ። "ኮት ጠበበውና እኔ ነኝ ተው ያልኩት።"

ሂባቅ ዞር ብላ አላየችኝም። ሰርጉ ተራዘመ።

አዲሱን መድኃኒት ከጀመረ ሁለት ወር ሆነው። ድምፁ ቀንሶለታል፤ ስኳሩ ነገ እንደገና ይለካል። እኔ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ስፌት በወጉ አልሰፋሁም። እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ጉሃድ ተራው ላይ መኖሩን ብቅ ብዬ አያለሁ። ኮቱን ፈትቼ ከራሴ ሱሪ ጨርቅ ቆርጬ በጎንና ጎኑ ጨምሬበታለሁ። ቀለሙ ትንሽ ይለያል።

ቅድም ሂባቅ መጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ አናግራኝ አታውቅም። ኮቱን አንስታ ጎኑን ዳሰሰችው።

"አሁንም ሰፋ አድርገው፣ አዴር" አለችኝ። "ቢከሳ መልሰህ ታጠብበዋለህ።"