በቀይ የተሰመረበት ዜና

ነገሩ የሆነው አምና ክረምት መውጫ ላይ ነው። እህቴ ዘይነባ በደወለች ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ እሷ ደግሞ በሳምንት ሁለቴ ትደውላለች።

ቡታጅራ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ነው የምሠራው። ሥራዬ የውጭ ጣቢያዎች ስለ አካባቢያችን ያወሩትን እየሰማሁ ሪፖርት ማድረግ ነው። ታዲያ ዜና ሁሉ እኩል አይደለም፤ ከላይ የወረደ ቅደም ተከተል አለ። የአለቆች ወይም የአካባቢያችን ስም ከተነሳ በቀይ ይሰመርበታል፣ በዕለቱም መልስ ይሰጠዋል። ጎርፍና በሽታ በሰማያዊ ተጽፎ ፋይል ውስጥ ይገባል። ማን እንደሚያነበው እስካሁን አላውቅም።

አንዴ የሆነ የውጭ ቴሌቪዥን ስለ ክትፎ አሠራር ሲያወራ «ጉራጌ» አለና በቀይ አሰመርኩ። ግማሽ ቀን ተሰበሰብንበት። ቅቤ አሳንሰዋል ተብሎ ቃለ ጉባኤ ተፈራረምን።

አንድ ጠዋት ታዲያ አንዱ ጣቢያ ከቆሼ ከተማ ወዲያ ባለው ቆላ ወባ እንደበረታ፣ የወባ መድኃኒትም እንዳለቀ አወራ። ወባው ሰማያዊ ነበር። የአካባቢያችን ስም ስለተጠራ ግን ቀይ ሆነ። አለቃዬ ማስተባበያውን እስከ ምሳ ሰዓት አድርስ አሉኝ። መድኃኒቱ ግን አለ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እሱን የጤና ሰዎች ይወቁት፤ የእኛ ሥራ ስማችን ነው» አሉኝ።

ጻፍኩ። መድኃኒት በበቂ ሁኔታ እንዳለ፣ ኅብረተሰቡም በአቅራቢያው ሄዶ መታከም እንደሚችል አሳምሬ ጻፍኩ። ከሰዓት በሬዲዮ ተነበበ። አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ ሲያደርጉኝ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ዘይነባ ያገባችው እዚያው ቆላ መሆኑ እንኳ ትዝ አላለኝም።

በማግስቱ እያለቀሰች ደወለች። ልጇ ሐያት በትኩሳት ትነድዳለች። ወደ ቡታጅራ ልታመጣት መኪና ለምና ነበር፤ ሬዲዮው መድኃኒት አለ ሲል መኪናውን ሸኝታ፣ ልጅቷን አዝላ ሁለት ሰዓት በእግሯ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች። ካለቀ ሁለት ሳምንት ሆኖታል አሏት። ሌላ መኪና ለምና እኔ ዘንድ ስታደርሳት ሐያት ሰው አትለይም ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ ሐኪም ቤት ሰንብታ ተረፈች።

ዘይነባ ግን አልረሳችም። «አንተ እዚያ አይደል የምትሠራው? ያንን የጻፈውን ሰውዬ ስሙን ብቻ አጣራልኝ» ትለኛለች።

«ኢንሻአላህ» እላታለሁ። ይኸው ዓመት ሊሞላ ነው፣ እያጣራሁ ነው። በራሴ አፍራለሁ። አንዳንዴ ቆርጬ ልነግራት ስል፣ ሐያት ከጎኗ «አጎቴ ነው? አገናኚኝ» ስትል ይሰማኛል። ያኔ ልነግራት ያልኩትን ትቼ «ስልኩን ስጫት» እላታለሁ።