ከኋላው ጎማ ሥር

ጋሽ ሀምዱ በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ የጦር ካሚዮን ሾፌር ነበሩ። ዛሬ ጦር ኃይሎች አካባቢ ጎማ ይጠግናሉ። በጦርነቱ አንድ ቀን የጠላት አውሮፕላን ሲመጣባቸው እሳቸውና ረዳታቸው ያደሳ ካሚዮኑን በረሃ ላይ ጥለው በየፊናቸው ሮጡ። ያደሳ ከዚያ ወዲህ አልታየም። ቀራንዮ የምትኖረው እህቱ ኤቢሴም ሬሳውን ሳላይ ብላ እስከ ዛሬ ለቅሶ አልተቀመጠችም።

በቅርቡ እረኞች በረሃ ውስጥ ያገኙት ካሚዮን ቪዲዮ በስልክ ሲዞር፣ ሀምዱ በራሳቸው እጅ በሽቦ ያሰሩትን በር አይተው አወቁት። ስልኩን ይዘው ኤቢሴ ዘንድ ሄዱ።

«መኪናችን ተገኘ። አሁንስ አልቅሽለት፣ ይረፍ።»

ኤቢሴ መነጽሯን አድርጋ አየች። «ጎማው ሥር ያለው ድንጋይ ምንድን ነው?»

«ታኮ ነዋ። መኪና ሲቆም እንዳይንሸራተት ረዳቱ...» ሀምዱ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

«ያደሳ ነው ያደረገው?»

«ያን ቀን ማን ታኮ ያስታውሳል? ሞተሩን እንኳ ሳላጠፋ ነው የዘለልኩት።»

«ታዲያ ተመልሶ መጥቷል።»

ቪዲዮውን ደግመው አዩት። ካሚዮኑ ዝገትና አሸዋ ለብሷል። ድንጋዩ ላይ ግን አንዲት ቅንጣት አሸዋ የለችም።

«ዛሬ ጠዋት የተደረገ ይመስላል» አሉ ሀምዱ ቀስ ብለው።

«ረዳት ታኮውን መቼ ነው የሚያነሳው?»

«ሾፌሩ ሲመጣ።»

ኤቢሴ ስልኩን መለሰችላቸው። «እንግዲያው እርስዎን እየጠበቀ ነው፣ ጋሽ ሀምዱ። ለሚጠብቅ ሰው አላለቅስም።»

ሀምዱ ወደ ፌርማታው ሲወርዱ፣ መንገድ ዳር የቆሙትን መኪኖች ጎማ ላለማየት ሰማይ ሰማዩን እያዩ ሄዱ።