አይቼዋለሁ ያልኩት እግር

አሁን የምጽፈውን እስከ ዛሬ ከእኔ አንደበት የሰማው ሰው የለም። የንስሐ አባቴ ፊት ስቀርብ እንኳ ሌሎች ኃጢአቶቼን አስቀድሜ እደረድርና ይህን ወደ ኋላ እገፋው ነበር።

በወረርሽኙ ዘመን አቡዳቢ ውስጥ ሰው ሠራሽ እግርና እጅ በሚሠራ ክሊኒክ ቴክኒሻን ነበርኩ። ከምከታተላቸው ሰዎች አንዷ የአገሬ ልጅ ዘነበች ናት፤ ሳዲያት ደሴት ላይ ባለ ሆቴል የሠራተኞችን ልብስ ትሰፋ ነበር። ቀኝ እግሯን ከጉልበቷ በታች ያጣችው በመኪና አደጋ ነው። እንደ እሷው በሰው ሠራሽ እግር ከሚሮጡ ጥቂት ሰዎች ጋር ትለማመድ ነበር። የእንቅስቃሴ ገደቡ ሲላላ ቡድኑ አል ዓይን ሄዶ ጀበል ሐፊት የተባለውን ተራራ በእግር ሊወጣ ተነሣ። አሠልጣኙ ጠንቃቃ ግብጻዊ ነው፤ እኔ እግሩን አይቼ ያልፈቀድኩለትን ማንንም እንደማይወስድ ነገረኝ።

እግሩ የተቆረጠ ሰው ለወራት ቤት ተዘግቶበት ሳይራመድ ሲቆይ ከቆረጣው የተረፈው እግሩ ቅርጹን ይለውጣል። ልክ የነበረው ሰው ሠራሽ እግር ይሰፋዋል፤ ሲሰፋውም ቆዳውን ይልጠዋል። ስለዚህ ሰው ሠራሹ ይወልቃል፤ ቆዳው በእጅ ይዳሰሳል፤ የቀላ ቦታ ካለ በጣት ተጭኖ ይታያል። ይህ ከሩቅ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ዘነበች ለምርመራው ክሊኒክ ስትመጣ ግን እኔ ከክፍሉ በር ፈቀቅ አላልኩም። በሆቴሏ የሠራተኞች መኖሪያ ሰው ታመመ መባሉን ሰምቼ ፈርቼ ነበር።

«ከዚያ ሆነህ በመነጽር ልታየኝ ነው?» ብላ ሳቀች። «ና እንጂ ወንድሜ! ኮሮና እኮ የፕላስቲክ እግር አይይዝም።»

«ያምሻል?» አልኳት፣ ከቆምኩበት ሳልነቃነቅ።

«ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

እንዴት ነህ ስንባል ሁላችንም የምንለው ይህንኑ አይደለምን? ትኩሳት ላይ ተኝተን፣ ከቀብር ተመልሰን የምንለው ይኸው አይደለምን? ፊሊፒናዊው ባልደረባዬ ይህን ቃል እንደ መልስ ቢቀበለው አልወቅሰውም ነበር። እኔ ግን ሰላምታ እንጂ መልስ አለመሆኑን አውቃለሁ፤ በዚሁ ቃል ያደግሁ ሰው ነኝ። ደግሞስ ከሰው ሠራሹ እግር አፍ ላይ ካልሲ በካልሲ ተደራርቦ ሲወጣ አላየሁምን? ካልሲ የሚደራረበው ሰው ሠራሹ ሲሰፋ ነው። አየሁ፣ አወቅሁም። አውቄም ለአሠልጣኙ ደወልኩና «አይቼዋለሁ፤ ትውጣ» አልኩት።

ወጣች። ተራራውን እስከ ጫፉ ወጣች። የተላከልኝ ቪዲዮ ላይ በላብ የራሰ ፊቷን ወደ ስልኩ አዙራ «እማዬ፣ ይኸው ደረስኩ!» ትላለች፤ ጓደኞቿ ያጨበጭባሉ። ወዲያው ሰው ሠራሹን ስታወልቀው ካልሲዎቹ በደም ቆዳዋ ላይ ተጣብቀው ተገኙ። ቁስሉ አመረቀዘ፣ አጥንቷ ድረስ ዘለቀ። ሐኪሞቹ በመጨረሻ እግሯን እንደገና ቆረጡ፤ በዚህኛው ጊዜ ጉልበቷም አብሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አልሮጠችም።

አሠልጣኙ ሲጠይቀኝ «ደህና ነው ብላኛለች» አልኩት። ውሸት አልነበረም። ከውሸት የሚከፋ እውነት መኖሩን ያን ጊዜ ተማርኩ፤ ተምሬም ዝም አልኩ።

ሆስፒታል ጠያቂ አይገባም ነበርና በስልክ አገኘኋት። ስለ እግሯ ምንም ሳትናገር «ወንድሜ፣ አንተን አስወቀስኩህ» አለች። «ያቃጥለኝ ነበር። እንዳታስቀረኝ ብዬ ነው ደህና ነው ያልኩህ። ይቅር በለኝ።»

ምን ማለት ነበረብኝ? እግርሽን አላየሁም፣ ፈርቼሽ ነው፣ ካልሲውን አይቼ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን፣ በጸና ድምፅ፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኳት።

አመሰገነችኝ።

መፍራቴን ብዙዎች ሊረዱልኝ ይችሉ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ያልፈራ ማን ነበር? በፍርሃቴ ግን አላመካኝም። ስልኩን ይዤ ስናገር አልፈራሁም ነበር። እሷ ዛሬ አገር ቤት ናት፤ ጥፋቱ የራሷ እንደ ሆነ እያመነች ትኖራለች። ይህን ለእሷ ሳልናገር ለእናንተ መጻፌም ሌላ በደል መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ያልተበደለ ሰው ይቅር ማለት አይከብደውም፤ እኔም አድርጌዋለሁ።