የተበላው ብሎን

ወታደሮች ከሚኒባሱ ያወረዱን ሰበታን አልፈን ወደ ተጂ ስንቃረብ ነው። በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ የተነሳ መንገዱ ዛሬ ሲከፈት ነገ የሚዘጋበት ሰሞን ነበር። የሌላውን ሰው ቦርሳ ገለጥ ገለጥ አድርገው መለሱ። የእኔን የከፈተው ወታደር ግን እጁን ከውስጡ ሳያወጣ ጓደኛውን "ና እስቲ" ብሎ ጠራው።

ያዩት የሥራ ዕቃዬን ነው፤ የድሪል መብሻ ፑንታ፣ ጥርስ ማውጫ ብረት፣ ትንሽ ጠርሙስ ዘይት፣ በፕላስቲክ የታሸገ እንደ ስፕሪንግ የተጠቀለለ ሽቦ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የብሎን ጥርስ መጠገኛ ነው።"

"ሽቦ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጥርስ ያወጣው?"

እውነቴን ነበር። የሞተር አካል ላይ ብሎኑን አንዱ ያለ ልክ ሲያጠብቀው የቀዳዳው ጥርስ ይበላል፤ ብሎኑ ዝም ብሎ ይዞራል፣ አይዝም። ያኔ ቀዳዳው በፑንታ ይሰፋል፣ አዲስ ጥርስ ይወጣለታል፣ ሽቦው ውስጡ ይጠመዘዝና ብሎኑ እሱን ይይዛል። ይህን መንገድ ዳር ቆሜ ሳስረዳ ለራሴም ውሸት መሰለኝ። በፕላስቲክ ማሰሪያ እጄን የኋሊት ጠፍረው ሰበታ መለሱኝ።

ያስገቡን ክፍል የሲሚንቶ መጋዘን የነበረ ነው። ሰው በተገላበጠ ቁጥር አቧራው ይነሳል፤ ሁላችንም እናስል ነበር። አጠገቤ ከደቡብ የመጣ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፣ ወደ ፈረቃው ሲሄድ የያዙት። በራሱ ቋንቋ ሲጸልይ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ያበጡ ጣቶቼን አንድ በአንድ እያሸ "ስም እየጠየቁህ ነው አይደል?" አለኝ። "ወንድሜ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።"

መርማሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ከሚጮኹት ይልቅ እሱን ነበር የምፈራው። ጥያቄው ሁለት ነው፤ ሽቦው ምንድን ነው? ለማን ነው የምትወስደው?

"ለደንበኛ ነው፣ ለውሃ ፓምፕ።"

"ደንበኛህ ስም የለውም?"

ስም አለው። ተጂ አካባቢ አትክልት የሚያለሙ ሽማግሌ ናቸው። ትንሹ ልጃቸው ሰልፍ ወጥተሃል ተብሎ ይፈለጋል፤ ባለፈው ፓምፑን ለማየት ስሄድ ከሞተሩ ቤት ጀርባ ተደብቆ ምሳውን ሲበላ አይቼዋለሁ። የአባቱን ስም ብናገር ልጁን መንገር ነው። ጀግና አይደለሁም፤ "ፈሪ ለናቱ" የሚባለው እኔን ነው። ግን ያ ልጅ እህል በአፉ እንደያዘ ቀና ብሎ ሲያየኝ የነበረው ፊቱ ድቅን ይልብኛል፣ ምላሴም ይተሳሰራል። ዝም በማለቴ የሆነውን አልዘረዝርም። ለብዙ ጊዜ ጫማ ማድረግ አልቻልኩም።

አንድ ጠዋት ወደ ግቢው አስወጡኝ። መርማሪው ከፒክአፑ አጠገብ ቆሟል። የሞተሩን የውሃ ክዳን ከያዙት ብሎኖች የአንዱ ቀዳዳ ጥርሱ ተበልቶ፣ ሲሊኮን ተለቅልቆበት፣ ውሃ ያንጠባጥባል። መጠኑ ከፓምፑ ብሎን ጋር አንድ ነው።

"አሳየኝ" አለ። "ካልያዘ ዛሬውኑ ወደ ሌላ ቦታ ትሄዳለህ።"

ሌላ ቦታ ከሄዱት ሲመለስ ያየነው ሰው አልነበረም።

ዕቃዬን መልሰው ሰጡኝ፣ ድሪል ከጎረቤት ብረት ቤት አስመጡ። ፑንታው ትንሽ ካዘመመ ሞተሩም እኔም አለቀልን። ደረቴን መኪናው ላይ ደግፌ፣ ትንፋሼን ይዤ በሳሁ። ከዚያ ጥርስ ማውጫውን ዘይት ቀብቼ ማዞር ጀመርኩ፤ ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ፣ ብናኙ እንዲወጣ።

"ምን ታሽሞነሙነዋለህ? በጉልበት አዙረው" አለ መርማሪው በዚያው ዝግ ባለ ድምፁ።

"ጌታዬ፣ ይሄ ብረት ውስጡ ከተሰበረ የሚያወጣው የለም። ቀስ ነው የሚባለው።"

ከታሰርኩ ወዲህ በራሴ ድምፅ የተናገርኩት ያኔ ነው። ሽቦውን ጠምዝዤ አስገባሁ፣ አዲስ ብሎን ሰጡኝ፣ አጠበቅኩት። ያዘ። መርማሪው ሞተሩን ራሱ አስነሳና እስኪሞቅ ጠበቀ። እኔ ከብሎኑ ላይ ዓይኔን አልነቀልኩም። ጠብ ያለ ነገር የለም።

"ስለ ሽቦው አምኜሃለሁ" አለ። "አሁን ስሙን ንገረኝ።"

የጋራዥ ደንብ አለ፤ የተቀየረ ዕቃ ለባለቤቱ በእጁ ይሰጣል፣ ዓይቶ እንዲያምን። አሮጌውን ብሎን በሱሪዬ ጠረግኩና መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።

"የተቀየረው ይሄ ነው፣ ጌታዬ። የአንዱን ደንበኛ ነገር ለሌላው አላወራም። የእርስዎንም ለማንም አላወራም።"

ጣቶቹ ብሎኑ ላይ ሲታጠፉ አየሁና ዓይኔን ጨፈንኩ።

"አስገቡት" አለ።

ከጊዜ በኋላ "ሂድ" ብለው ለቀቁኝ። ስሙን ለምን እንደተወው የነገረኝ የለም።

እግሬ ጫማ ሲችል ሌላ ሽቦ ገዝቼ ተጂ ሄድኩ። ሽማግሌው ሰላምታዬን እንኳ አላስጨረሱኝም። "ቃሪያዬ ደረቀ፣ ጎመኔ ደረቀ! የት ጠፋህ አንተ?"

"መንገድ ተዘግቶ ነው፣ ኦቦ።"

"መንገዱማ ከተከፈተ ቆየ!"

"ለእኔ ዘግይቶ ነው የተከፈተው።"

ፓምፑ ሲነሳ ትንሹ ልጃቸው ቱቦውን እየጎተተ ወደ ማሳው ገባ። አሮጌውን ብሎን ለአባቱ ሰጠኋቸው። "ገለቶሚ" ብለው አመሰገኑኝና አገላብጠው አይተው ሣሩ ውስጥ ወረወሩት። ሳቄ መጣ፣ ደግሞም እንባዬ፤ ፊቴን ወደ ሞተሩ አዞርኩ።

ዛሬም ቡራዩ ባለው ጋራዤ አሮጌውን ዕቃ ሳላስረክብ መኪና አላስወጣም። ሰው መዳፍ ላይ ካስቀመጥኩ በኋላ ግን ቶሎ ዞር እላለሁ። ጣቶቹ ሲታጠፉ ማየት እስካሁን አልችልም።