ፎቶው ያልወጣ አስጎብኚ

ያን ቀን ደባርቅ ላይ የአስጎብኚዎችን ፎቶ ስናነሳ ዋልን። ወንድሜ አስጎብኚ ነበር። እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ኢንተርኔት ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር፤ ኮምፒውተር የተማርኩትም እዚያው እየነካካሁ ነው። ሐሳቡ የእሱ ነበር። ቱሪስቱ ከአገሩ ሳይነሳ አስጎብኚውን አይቶ ይምረጥ፣ በቀጥታ ይጻፍለት፣ መሀል ላይ ማንም አይግባ አለ። እሱ ሰዎቹን ያመጣል፣ እኔ ዌብሳይቱን እሠራለሁ። እንዲህ ተባብለን ከጀመርን ከርመናል።

ፎቶ የምናነሳው ከኢንተርኔት ቤቱ ጀርባ፣ ኖራ በተቀባው ግድግዳ ሥር ነበር። ንፋስ አለ። ወንድሜ የሰዎቹን ኮሌታ ያስተካክላል፣ ኮፍያ ያስወልቃል። አንዱ «ለሥራ ነው ለጋብቻ?» ሲለው «ላንተ ለሁለቱም» አለው።

ችግሩ የመጣው ፎቶዎቹን ካስገባሁ በኋላ ነው። በእኛ ዘንድ አስጎብኚ የሚወጣው በተራ ነው። አንዴ የወጣ ሌሎቹ ወጥተው እስኪመለሱ ይጠብቃል። ዌብሳይት ደግሞ ላይና ታች አለው። ይህን አላሰብኩትም፤ በስማቸው ፊደል ደርድሬያቸው ነበር። ከሁሉም አንጋፋ የሆኑት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰውዬ፣ ጎንበስ ብለው ስክሪኑን አዩ።

«እኔ የት አለሁ?»

«ታች ነዎት ጋሼ። ትንሽ ይውረዱ።»

ወረዱ። ደግሞም ወረዱ።

«ቆላ ልታገባኝ ነው እንዴ?»

«እኔ ላይ ነኝ ጋሼ፣ ሻንጣዎን ልያዝልዎት?» አለ አንዱ ወጣት።

«አንተን እኔ ነኝ ጊች ያደረስኩህ፤ ትላንት መንገድ ስትጠይቅ ነበር።»

ሳቁ። ግን ሁሉም ቅር ብሏቸው ነበር፣ ታውቆኛል። ወንድሜ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «ተራ አስገባላቸው» አለኝ። ገጹ በተከፈተ ቁጥር ላይ ያለው ወደ ታች ይውረድ፣ ቀጣዩ ይቅደም ማለቱ ነው። ከሰዓቱን ሙሉ ስታገል ዋልኩ። መብራት ሄደ፣ መጣ። በመጨረሻ ሠራ። ጋሼ ደጋግመው እየከፈቱ የራሳቸው ፊት ላይ ሲመጣ «በቃ፣ አሁን ማንም አይንካው» አሉ።

ያልወጣው የወንድሜ ፎቶ ብቻ ነበር። መጨረሻ ላይ ይሁን አለ፣ ራሱን አስቀደመ እንዳይባል። አዲስ አበባ ያለችው እህታችን በዚያ ሰሞን ወልዳ አራስ ቤት ነበረች። ደወለችና ሁላችንም እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ከፈትኩት።

«የሱ ፎቶ የታለ? ያገሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ እሱ የለም።»

«አራስ ምን ኢንተርኔት ያስከፍታታል? ገንፎሽን ብዪ» አላት ወንድሜ።

«ገንፎውን ጨርሻለሁ። ፎቶህን አውጣ፣ ለልጄ ላሳየው።»

«ከሳንቃ በር ካምፕ ስመለስ ይወጣል። ነገ፣ ቢረፍድ ከነገ ወዲያ።»

«ከነገ ወዲያ ጠዋት አያለሁ።»

«እሺ እመቤት።»

ያ ነው እንግዲህ። ከዚያ በኋላ ሻይ ጠጣን። ስለ ምን እንደተጫወትን ለማስታወስ ሞክሬ አቅቶኛል።

በማግስቱ ማለዳ ወደ ሳንቃ በር የሚሄድ ጠጠር የጫነ መኪና አገኘና ከጠጠሩ ላይ ወጣ። መኪናው አንድ ጠመዝማዛ ላይ ተገለበጠ። እኔ ይህን አላወቅሁም። ጋሼ ኢንተርኔት ቤት መጥተው «እናትህ ትንሽ አሟታል፣ ዳባት ቤታችሁ እንሂድ» አሉኝ። ዳባት መግቢያ ላይ ጎረቤቶቻችን ነጠላ አዘቅዝቀው ለብሰው ሳይ፣ ለአንድ ለታመመች ሴት ይህ ሁሉ ሰው አይወጣም አልኩ። ጋሼን አየኋቸው። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

የዚያኑ ዕለት ቀበርነው።

ከቀብር ስንመለስ እናቴ ልቅሶዋን ድንገት አቋረጠች። «ልጄ እንዳትሰማ» አለች። «ወተቷ ይደርቃል። ልጇ ክርስትና እስኪነሳ ማንም እንዳይነግራት።» አጎቴ ወደ እህቴ ባል ደወለ። እሱ ሳንነግረው ሰምቶ ኖሮ በር ላይ ለልቅሶ የመጣ ሰው እየመለሰ ነበር። ከዚያ እኔን አገናኙኝ አለ።

«ዌብሳይቱን እንዳትዘጉት» አለኝ በሹክሹክታ። «ዛሬ ሁለቴ ደወለችለት። ተራራ ላይ ኔትወርክ የለም አልኳት። ግን ፎቶው ነገ ጠዋት ይወጣል ብሎኛል ትላለች። ካልወጣ አታርፍም፤ ሰው ሁሉ ጋ ትደውላለች። አንዱ ይነግራታል።»

አስጎብኚዎቹ ደግሞ ጓሮ ቆመው የእሱን ፎቶ ከሻማ ጋር፣ ነፍስ ይማር ብለን በዌብሳይቱ ላይ እናውጣ ይባባሉ ነበር። ሮጬ ሄድኩ። እንዳታደርጉት፣ እህቴ ታያለች አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ሴቶቹ ዞረው አዩኝ።

ሲነጋ ተነሳሁ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ገብቶ ተቀምጧል። አጎቴ ክንዴን ያዘኝ።

«የወንድምህን ለቅሶ ጥለህ ወዴት ነው?»

«ደባርቅ።»

«ደባርቅ ምን አለህ?»

ምን ብዬ ላስረዳው? ኮምፒውተር ልነካ ነው ልበል? እናቴ ከተቀመጠችበት «ተወው፣ እኔ ነኝ የላክሁት» አለች። አልላከችኝም። ለምን እንደምሄድ የገባትም አይመስለኝም።

ሚኒባሱ እስኪሞላ መቀመጥ አቃተኝ። ወርጄ ቆምኩ፣ ገባሁ፣ ደግሞ ወረድኩ። ረዳቱ «አንተ፣ ትሄዳለህ አትሄድም?» አለኝ። መንገድ ላይ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ስለ ድንች ዘር ያጫውተኛል። አዎ እለዋለሁ። ስልኬን በየደቂቃው አያለሁ። ከደወለች ምን እላለሁ?

ጋሼ ተከትለውኝ መጥተው ነበር፤ ኋላ ወንበር ላይ መቀመጣቸውን ያወቅሁት ደባርቅ ስንወርድ ነው። የወንድሜ ፎቶ እንደሌለኝ የገባኝም ያኔ ነው። እሱ ሌላውን ያነሳል እንጂ ብቻውን የተነሳው የለኝም። ጋሼ ስልካቸውን ፈልገው አንድ አወጡ። አምባራስ ላይ፣ ፀሐይ መትቶት ዓይኑን ጨፈን አድርጎ።

ኢንተርኔት ቤት ገብተን ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። እንደ ሌሎቹ ጻፍኩለት። እንግሊዝኛና ትንሽ ጣልያንኛ ይናገራል። አእዋፍ ያውቃል። ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው አያስቸኩልም። ከሥር ሰው አስተያየት የሚጽፍበትን ቦታ ዘጋሁት፣ ማንም ነፍስ ይማር እንዳይልበት። ቀጥሎ የቀናቱ ነገር መጣ። እያንዳንዱ አስጎብኚ በየትኞቹ ቀናት ነጻ እንደሆነ መሙላት አለበት፤ ባዶ ከተተወ ማንም ፈረንጅ ሊይዘው ይችላል። ሁሉንም «ተይዟል» አልኩ፣ እስከ ክርስትናውና ከዚያም አልፎ። ጋሼ ከኋላዬ ሆነው «ወጣ?» አሉ። «ወጣ» አልኩ።

እህቴ ለመደወል ብዙ አልቆየችም።

«አየሁት» አለች። «ከስቷል እኮ።»

«ብርድ ነው እታለም።»

«አንተስ፣ ድምፅህ ምን ሆኗል?»

«ጉንፋን ይዞኛል።»

ልጁ ሲያለቅስ ይሰማኛል። አባበለችው። ከዚያ «ይኸ ምንድን ነው? የክርስትናውም ዕለት ተይዟል ይላል» አለች። «እመጣለሁ ብሎኝ የለም እንዴ? ለፈረንጅ ብሎ የልጄን ክርስትና ሊቀር ነው?»

ጋሼ ወደ በሩ ሄደው ቆሙ።

«እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አልኳት። «ሁሉንም በአንዴ ስሞላ ነው። አሁን አስተካክለዋለሁ።»

«አሁን። እያየሁ ነው።»

ያን አንድ ቀን ብቻ ነጻ አደረግሁት። እንደገና ከፍታ እስክታየው ጠበቅሁ። «እንዲህ ነው እንጂ» አለችኝና ልጁን ልታጠባ ስልኩን ዘጋች። ኮምፒውተሩን አጠፋሁ። ከጋሼ ጋር ወደ መናኸሪያው ሄደን የዳባት መኪና ያዝን።